ፎርማት ከመደረጉ በፊት

«የሚፈለግ ነገር አለው?»

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተሩን አቅፎ ጥገና ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ጠያቂው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ አንድ እጁ ፍላሽ እየሰካ ነው የሚጠይቃት። መልሷም አጭር ናት። «ዲ ላይ ነው ያለው» ትላለህ። ከዚያ በኋላ በሁለታችሁ መካከል ዕዳ የለም። ማሽኑ ፎርማት ይደረጋል፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ሂሳብ ይከፈላል፣ አመስግኖ መውጣት ነው።

እኛም እንደዚያው አልን። «ዲ ላይ ነው ያለው።»

አልነበረም። ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ለማያውቅ እናስረዳ፦ ዊንዶውስ ዴስክቶፕ ብሎ የሚዘረጋልን ያ ሰፊ ገበታ ከሁሉም ውጭ ያለ ነገር ይመስላል እንጂ «ሲ» ውስጥ የተቀመጠ አንድ ተራ ፎልደር ነው። «ሲ» ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ባለሙያው ጠየቀን፣ እኛ መለስን፣ እሱ ሥራውን ሠራ። የሚከሰስ ሰው የለም። ይህ ደግሞ ነገሩን ቀላል አያደርገውም፤ የሚሳደቡት ሰው ማጣትም ራሱን የቻለ መከራ ነው።

የጠፋው ምን እንደሆነ እንናገር። ከእኛ ከሦስታችን የአንዷ አያት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጡረታ እስከወጡ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ስድስት ቅዳሜ እየሄድን፣ ቡናቸውን እየጠጣን፣ በስልክ ቀዳናቸው። ከሰባት ሰዓት በላይ ድምፅ። ስልኩ ሲሞላ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥነውና ከስልኩ ላይ አጠፋነው (አዎ፣ እናውቃለን)። እርሳቸው በጥቅምት አረፉ። ላፕቶፑ በታኅሣሥ መንቀራፈፍ ጀመረ።

ሰው ሐዘን ሲደርስበት የሚያደርገው አይታወቅም። እኛ ተቀምጠን የባክአፕን ታሪክ አነበብን። ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው ወይስ ከእኛ በፊት የተጀመረ ነገር አለ የሚለውን ለማወቅ ይመስለናል። ያገኘነውን እነሆ። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከዚችው ከ«ሲ» እንነሳ። ሃርድ ዲስኩ ለምን «ኤ» አልተባለም? አይቢኤም በነሐሴ 1981 ፒሲ ያለውን ኮምፒውተሩን ለገበያ ሲያቀርብ ውስጡ ሃርድ ዲስክ የሚባል ነገር አልነበረም። የነበሩት ፍሎፒ ማንበቢያዎች ናቸው፤ አንዱ «ኤ»፣ ሁለተኛው ካለ «ቢ»። አንድ ፍሎፒ የሚይዘው 160 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ አትገባበትም። ፕሮግራሙ በአንዱ ፍሎፒ፣ ደብዳቤህ በሌላው። ሃርድ ዲስክ የመጣው በመጋቢት 1983፣ ኤክስቲ ከተባለው ሞዴል ጋር ነው። ሁለቱ ፊደላት ተይዘው ስለቆዩ ለእንግዳው የቀረው ሦስተኛው ሆነ። ፍሎፒዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ «ሲ» ግን ወንበሩን ሳይቀይር እዚያው ተቀምጧል።

የፍሎፒው ዘመን አንድ ያልታሰበ በጎነት ነበረው። ዲስኩ በእጅ የሚያዝ፣ የሚታጠፍ፣ ቡና የሚፈስበት ነገር ስለሆነ ሰው አያምነውም ነበር። ስለዚህ ይገለብጠዋል። «ዲስክ ኮፒ» የሚል ትእዛዝ ነበር፤ አንዱን ከትቶ፣ አውጥቶ፣ ሌላውን ከትቶ፣ አለቀ። ሃርድ ዲስኩ ሲመጣ ግን ሳጥኑ ውስጥ ተደበቀ። የማይታይ ነገር ደግሞ የማይበላሽ ይመስላል።

ሠሪዎቹ ይህን አላጡትም። ከኤክስቲ ጋር የወጣው ዶስ 2.0 «ባክአፕ» እና «ሪስቶር» የሚሉ ሁለት ትእዛዞችን ይዞ መጣ። ዛሬ አፋችን ላይ ያሉት ሁለቱ ቃላት በቤት ኮምፒውተር ላይ ጥንድ ሆነው የተቀመጡት ያኔ ነው። ችግሩ ሂሳቡ ላይ ነው። ሃርድ ዲስኩ 10 ሜጋባይት ነው። የጊዜው ፍሎፒ 360 ኪሎባይት። አካፍለው፤ 29 ፍሎፒ። አንድ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብሎ 29 ፍሎፒ በተራ እየከተተ፣ እያወጣ፣ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር እየጻፈ። ስንት ሳምንት ይቀጥላል? ከዚያ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ አደገ፤ ፍሎፒው 1.44 ሜጋባይት ላይ ደርሶ ቆመ። 500 ሜጋባይት ያለው ሰው 350 ያህል ፍሎፒ ሊገዛ ነው። አይገዛም። በባክአፕ የተሠራው ቅጂ ደግሞ እንደ ተራ ፋይል አይከፈትም፤ የሚከፍተው ሪስቶር ነው። ከመካከል አንዷ ፍሎፒ ከተበላሸች ያየኸው ቅዳሜ ሁሉ እንዳላየኸው ሊሆን ነው።

እዚህ ላይ አያትየዋን ማንሳት ግድ ይለናል። (ድምፁ ባይኖርም ይህን ያህል እናስታውሳለን።) ስለ ካርቦን ነግረውናል። ሁለት ነጭ ወረቀት፣ በመካከሉ ካርቦን፤ ሦስት ከተፈለገ ሌላ ወረቀትና ሌላ ካርቦን። ከታች ያለው ቅጂ እንዲነበብ ፊደሉን ጠንከር አድርጎ መምታት ነው። ዋናው ለተጻፈለት ይሄዳል፣ አንዱ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ሌላው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ያኔ የሰማነው እንደ ጥሩ ወግ ነበር። አሁን ስናስበው ግን ዋናው ነገር ወረቀቱ አይደለም፤ ቅጂው የሚወለደው ከዋናው ጋር በአንድ ምት መሆኑ ነው። ታይፒስቷ መጀመሪያ ጽፋ በኋላ «እስኪ ደግሞ ልገልብጠው» አትልም። ኮምፒውተሩ ያደረገው ይህን አንድ ሥራ ለሁለት መክፈል ነው፤ መጻፍ አሁን፣ መገልበጥ ሲመቸኝ። ሲመቸን ደግሞ መቼ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሰዉ ካልገለበጠ እንግዲህ ከጠፋ በኋላ የሚያወጣለት ሰው ያስፈልገዋል። ፒተር ኖርተን በ1982 ኖርተን ዩቲሊቲስ የተባለውን ፕሮግራም አውጥቶ ስም ያተረፈው በዚህ ነው። ውስጡ የነበረችው «አንኢሬዝ» የጠፋ ፋይል ትመልሳለች። ሰው ተአምር መሰለው። ተአምር አልነበረም፤ ዶስ ፋይል ሲያጠፋ በእርግጥ አያጠፋም ነበር። መዝገብ ቤትን አስብ። ፋይሉ መደርደሪያ ላይ አለ፣ የት እንዳለ የሚናገር ደብተር ደግሞ በር ላይ። ዶስ «አጥፋ» ሲባል መደርደሪያው ጋ አይደርስም። ደብተሩ ላይ የፋይሉን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይሰርዝና ቦታውን «ክፍት» ብሎ ይመዘግባል። ወረቀቱ እዚያው ነው። ኖርተን ያደረገው ደብተሩን ማንበብ ነው፤ የተሰረዘችዋን ፊደል ባለቤቱን ይጠይቀዋል፣ ይመልሳል።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ክፍት የተባለው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ከተጻፈ አለቀ። ስለዚህ ፋይል የጠፋበት ሰው የመጀመሪያ ሥራው ምንም አለመሥራት ነው። ማሽኑን መዝጋት። እኛ ምን አደረግን? አዲስ ዊንዶውስ፣ ቢሮ ፕሮግራም፣ አንቲቫይረስ፣ ፊልም ማጫወቻ፣ ሁሉንም በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ አስጭነን፣ ቤት ገብተን፣ ሁለት ቀን ተጠቅመን፣ ከዚያ ነው «ፎልደሩ የት ሄደ?» ያልነው።

ኤፕሪል 26 ቀን 1999 የብዙ አገር ሰው ኮምፒውተሩን ቢያበራው ቢያጠፋው እንቢ አለው። ሲአይኤች የሚባለው ቫይረስ ነው፤ ቀኑ የቼርኖቢል አደጋ ከደረሰበት ጋር ስለገጠመ ቼርኖቢል የሚለው ስም ለጠፈበት። የሠራው ቼን ኢንግሃው የተባለ የታይዋን ተማሪ ነበር። ኮሪያና ቱርክ ክፉኛ ተመቱ። ቫይረሱ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ የሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ ሜጋባይት በዜሮ ይሞላል፣ ከተሳካለት ደግሞ ማሽኑን የሚያስነሳውን ባዮስ ያበላሻል። የመጀመሪያው ሜጋባይት ማለት ያው የመዝገብ ቤቱ በር ማለት ነው፤ ደብተሩ እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙው ዕቃ አልተነካም ነበር። ልብ በሉ፤ ዲስኩ ባዶ ነው ይላል፣ ፎቶው፣ ደብዳቤው፣ ሁሉም ግን ቦታው ላይ ነው። ታግሶ ዲስኩን ለሚያውቅ ሰው ያሳየ ብዙ ነገር ሊመለስለት ይችል ነበር። ተቻኩሎ እንደ አዲስ የጫነ ግን በቀረው ላይ ራሱ ጻፈበት።

የእኛ ጥርጣሬ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። እስካሁን ስናነብ ሌባው ቫይረሱ፣ መብራቱ፣ የተቃጠለው ሃርድ ዲስክ ይመስለን ነበር። ብዙውን ጊዜ ግን የሚገድለው በሽታው ሳይሆን ሕክምናው ነው።

ማስረጃ ከፈለጋችሁ የፍላሹን ዘመን አስታውሱ። የእኛ ትውልድ በልጅነቱ ያየው ኮምፒውተር ሳሎን ጥግ ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ እየሮጠበት ነው። ፍላሽ ሲሰካ ኤክስፒ «ኦቶራን» የምትባለውን ፋይል አንብቦ ያለችውን የመፈጸም ልማድ ነበረው። የቫይረስ ሠሪዎች ይህን አገኙ። ከኢንተርኔት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ በፍላሽ ተሳፍሮ ይዞር ጀመር። በብዛት የሚሠራው ተንኮል ደግሞ ፎልደሮችህን ደብቆ በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮች መደርደር ነው። ፎልደሩ አልተነካም፤ «ድብቅ ነህ» ተብሎ ምልክት ተደረገበት እንጂ። «አትሪብ» በምትባል አንዲት መስመር ትእዛዝ ይመለሳል። በየሰፈሩ ግን ስንት ሰው ነው «ፍላሼ ቫይረስ በላው» ብሎ ፎርማት ያደረገው? ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፍ የነበረበት፣ የሠርግ ፎቶ የነበረበት። ቫይረሱ የደበቀውን ባለቤቱ አጠፋው። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2011 ባሰራጨው ማሻሻያ ኤክስፒና ቪስታ ላይ የፍላሽን ኦቶራን ዘጋ፤ ፎርማት የማድረግ ልማዳችንን የሚዘጋ ማሻሻያ ግን አልወጣለትም።

ስሞቹም አታለውናል። «ሲስተም ሪስቶር» የሚባለው ነገር በ2000 ከዊንዶውስ ኤምኢ ጋር መጣ፣ በ2001 ኤክስፒ ውስጥ ገባ። ስሙን የሰማ ሁሉ ወደ ትናንት የሚመልስ መኪና አገኘሁ አለ። የሚመልሰው ግን ዊንዶውስን ነው፤ የሲስተም ፋይሎቹንና ሬጅስትሪውን። ደብዳቤህን፣ ፎቶህን አያውቃቸውም። ጎስት የሚባለው ደግሞ ከኒውዚላንድ የተነሳ፣ በ1998 ሲማንቴክ የገዛው ፕሮግራም ነው፤ የአንድን ዲስክ ሙሉ ምስል ቀርጾ እንዳለ ሌላው ላይ ያትማል። ለሃያ ማሽን አንድ ዓይነት ዊንዶውስ ለሚጭን ሰው በረከት ነው። ግን ምስሉ የማን ነው? የጥገና ቤቱ። ማሽንህ «ይመለሳል»፤ የሚመለሰው ወደ እነሱ ትናንት እንጂ ወደ አንተ አይደለም። ዲፕ ፍሪዝ የተጫነበት ላብራቶሪ ውስጥ የሠራ ተማሪ ይህን በደንብ ያውቃል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ሁሉ ነገር እንደ ጠዋቱ ነው፤ ንጹሕ፣ ጤነኛ፣ አሳይመንትህን የማያውቅ።

የመልካሙ ዕድል ታሪክ የመጣው ደግሞ ካልጠበቅንበት፣ ከካርቱን ቤት ነው። በ1998 ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ አንድ ሰው ሰርቨሩ ላይ «ሁሉንም አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ከማይገባው ቦታ ላይ ሰጠ። ሠራተኞቹ እያዩ የአሻንጉሊቶቹ ክፍሎች አንድ በአንድ መጥፋት ጀመሩ። አንዱ ስልክ መትቶ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉት አለ። ሲበራ የፊልሙ 90 በመቶ ያህሉ የለም። «ባክአፕ አለን» ተባለ፤ ነበረም። ሲመልሱት ግን ቅጂው ለሳምንታት በትክክል ሳይሠራ እንደቆየ ታወቀ። በየቀኑ ይቀዳል፣ ማንም መልሶ ሞክሮት አያውቅም።

ፊልሙን ያዳነችው ጋሊን ሰስማን ናት። የቴክኒክ ኃላፊ ነበረች፣ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ነበርና የፊልሙ ቅጂ የቤት ኮምፒውተሯ ላይ በየጊዜው ይገለበጥላት ነበር። መኪና ይዘው ሄዱ፣ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው የኋላ ወንበር ላይ በቀበቶ አስረው ቀስ እያሉ መለሱት። ከዚያ ላይ ብዙው ተገኘ። ባክአፕ ተብሎ የተሠራው ሁሉ ሲከዳ የተረፈው ባክአፕ ተብሎ ያልተሠራው፣ ሕፃን ማጥቢያ ክፍል አጠገብ የነበረው ነው። ይህን ስናነብ ሦስታችንም የተያየነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በነገራችን ላይ ፋይሉ ተመልሶም ላይነበብ ይችላል። ይህ ለአማርኛ ጸሐፊ እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999፣ በሦስተኛው እትም ነው። ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት (ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት) የምንጽፈው በየኩባንያው ፎንት ነበር። ፎንቱ የሚሠራው ቀላል ማታለል ነው፤ ኮምፒውተሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው የሚያስቀምጠው፣ ፎንቱ ግን በላዩ የ«ሀ»ን ወይም የ«መ»ን ቅርጽ ያለብሰዋል። ልብሱ እስካለ ድረስ አማርኛ ነው። የአንዳችን አባት በ2003 ሲዲ ላይ ያቃጠሉት የመመረቂያ ጽሑፍ አለ። ሲዲው አልተጫረም፣ ፋይሉ ተከፈተ። ገጽ ሙሉ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ነጠብጣብ የላቲን ፊደል። የጎደለው ፎንቱ ነው፤ ያ ፎንት የነበረው ደግሞ ከዓመታት በፊት ፎርማት በተደረገ ማሽን «ሲ» ላይ። ጽሑፉን ገልብጠው ማንበቢያውን ረሱት። ባክአፕ ሲባል ሰነዱን ብቻ ማሰብ እንዲህ ያደርጋል።

ቅጂን ሩቅ አገር የማስቀመጥ ነገርም አዲስ አይደለም፤ እዚሁ ተሠርቷል። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሱ ነበር፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለበት። ከየገዳሙና ከየቤተ ክርስቲያኑ 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው ሚኒሶታ ሄደ፤ እዚያም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ተቀምጠው ዝርዝሩን አዘጋጁለት። በመካከል መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት መጣ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮህ በ2000ዎቹ አጋማሽ «3-2-1» ብሎ ያስለመደው ደንብ (ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ) ሲነገረን የመጣብን ይኸው ነው፤ ብራና በገዳሙ፣ ፊልም አዲስ አበባ፣ ፊልም ሚኒሶታ። ሊቃውንቱ ቁጥሩን ሳያወሩ አድርገውታል።

ኮምፒውተሩ ወደ ካርቦኑ ለመመለስ ሃያ ምናምን ዓመት ፈጀበት። አፕል በ2007 ታይም ማሽንን ሲያወጣ ቁም ነገሩ ሰውየው ምንም እንዳያስብ ማድረግ ነው፤ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ትሰካለህ፣ በየሰዓቱ ራሱ ይገለብጣል። ድሮፕቦክስ በ2008 ለሕዝብ ተከፈተ፤ መሥራቹ ድሩ ሂውስተን ሐሳቡ የመጣለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ፍላሹን ቤት በመርሳቱ ነው ይላል። (ፍላሽ በመርሳት ሀብታም የሚኮን ቢሆን ኖሮ…) ይሁንና ሲንክና ባክአፕ መንታ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሲንክ ታማኝ ነው፤ እዚህ ስታጠፋ እዚያም ያጠፋልሃል። በነፃ የተባለውም በነፃ አይቆይም፤ ጎግል ፎቶስ በ2015 ያለ ገደብ ብሎ ከፈተ፣ በሰኔ 2021 ያንን ዘጋው። በሰኔ 2020 መጨረሻ አገሪቱ ውስጥ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ደግሞ ደመና ላይ ያለ ፋይል ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ለካን።

ጥንቱን የተማርነው አንድ መጽናኛም እያረጀ ነው። በኤክስፒ ዘመን ፎርማት ቢደረግም ዕቃው ዲስኩ ላይ ይቀር ነበር። ከቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ዲስኩን በዜሮ ይሞላል፤ የሚተርፈው ፈጣኑ ፎርማት ሲሆን ነው። በአዲሶቹ ኤስኤስዲዎች ላይ ደግሞ ፈጣኑም አይተርፍም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ሲስተሙ የተለቀቀውን ቦታ ለኤስኤስዲው ይነግረዋል፣ እሱም በራሱ ጊዜ ያጸዳዋል። መዝገብ ቤቱ ደብተሩን ብቻ መሰረዝ ትቶ መደርደሪያውንም መጥረግ ጀመረ ማለት ነው። አዲስ ላፕቶፕ ያላችሁ ይህን እወቁት።

የእኛ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው። ስለዚህ ተስፋ ነበረ። ሃርድ ዲስኩን ፈትተን ሌላ ማሽን ላይ ሰክተን ፎቶሬክ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለቀቅንበት። ፎቶሬክ ደብተሩን አይፈልግም፤ መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳበሰ «ይህ የፎቶ አጀማመር ይመስላል፣ ይህ የድምፅ» እያለ ያወጣል። ስም አያውቅም፤ ሁሉንም በቁጥር ይጠራቸዋል። አንድ ሌሊት ሮጠ። ጠዋት በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ተደርድረው ጠበቁን። ብዙዎቹ የዊንዶውስ ትናንሽ ሥዕሎች። ከዚያ የማናውቃቸው ሰዎች፤ የልደት ኬክ፣ ቆርቆሮ አጥር ፊት የቆመ ልጅ፣ የአንድ ሰው የሥራ ማመልከቻ። ላፕቶፑን ያገለገለ ነበር የገዛነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ባለቤቶች «ፎርማት ተደርጓል» ተብሎላቸው ሸጠው ሄደዋል፤ ልጃቸው ግን እዚያው ቆሞ አለ። አጠፋናቸው። በትክክል፣ በላያቸው ጽፈን። ሌላ ምን ማድረግ እንዳለብን አላወቅንም።

ከእኛ ድምፆች ሁለት ተገኙ። ሁለቱም አልከፈቱም። ረጅም ፋይል በዲስኩ ላይ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ከቁርጥራጮቹ አንዳንዶቹ ላይ አሁን አንቲቫይረስ ተቀምጧል።

ከዚያ የጋሊን ሰስማንን ታሪክ ባነበብን ማግስት፣ ከመካከላችን የልጅ ልጃቸው የሆነችው ዝም ብላ ስልኳን ታገላብጥ ጀመር። ዋሽንግተን ያለች እህቷ በሁለተኛው ቅዳሜ «እስኪ የእማማን ድምፅ አሰሚኝ» ብላት ነበር፤ እሷም ከቀዳነው ቆርጣ በቴሌግራም ልካላታለች። ተረስቶ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ።

አሥራ አንዱ ደቂቃ ምርጡ ክፍል አይደለም። ስለ ካርቦኑ የለበትም። የመጀመሪያዋን የጽሕፈት መኪና የነኩበት ቀን የለበትም፣ ኃላፊያቸው ስላናደዳቸው ደብዳቤውን ሆን ብለው በስሕተት የጻፉበት፣ ሆዳችንን ይዘን የሳቅንበት የለበትም። ያለው እንዲህ ነው። አራት ደቂቃ ያህል መነጽራቸውን ይፈልጋሉ። ሲኒ ይንኳኳል። «ግንባርዎ ላይ ነው፣ እማማ» ትላለች አንዷ። «እናንተስ ስፈልግ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ!» ይላሉ፤ ከዚያ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ማግባት ይጀምራሉ፣ የሙሽራው ስም ይጠፋባቸዋል፣ ሲያስታውሱ ቅጂው ያልቃል።

አሁን ያ ፋይል በሦስታችን ስልክ፣ በአንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክና በዋሽንግተን አለ። ባለፈው እሑድ ከሃርድ ዲስኩ ላይ አውጥተን፣ ሌላ ማሽን ላይ ከፍተን፣ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ይከፈታል። የሙሽራው ስም ተስፋዬ ይሁን ታዬ ግን አሁንም ለሁለት ተከፍለን እንከራከራለን።